ያልታተመ እርማት ይዤ ቡታጅራ

ከተመለስኩ ጀምሮ የማኅበሬ ሴቶች በየተራ እየመጡ «ምን አየሽ? ምን አበሉሽ? ሰውየውንስ አገኘሽው?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ማጓደል አልወድም። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ጻፍኩት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢዘገይም የጀመርኩትን አልተውም።

የሄድኩበትን ምክንያት ላስቀድም። ልጄ ምሥራቅ አዲስ አበባ በአንድ ጋዜጣ ላይ ስለ ልብስ ትጽፍ ነበር። የልብስ ሃያሲ ይሏታል። ማን ምን ሰፋ፣ የቱ ቅድ ያምራል፣ የቱ ቀለም አይሄድም እያለች በየሳምንቱ ቅዳሜ። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ሥራ ነው ብሎ ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል። «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «የሰው ቀሚስ ትሳደባለች» እል ነበር። እሷም ትስቅ ነበር።

ዓይኗ የተሳለው ከልጅነቷ ነው። አባቷ ባና ነጋዴ ነበር። ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ከመንዝ ሲመጣ እሷ በጣቷ ዳብሳ «ይሄ ላላ ነው አባዬ፣ ይሄኛው ጥብቅ ነው» ትለዋለች፤ ገና ሰባት ዓመቷ። ጋዜጣው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያሠሯት የሰው ጽሑፍ ፊደል ማረም ነበር። አንድ ቀን የልብስ ትርኢት ላይ የሚሄድ ጋዜጠኛ ጠፋና እሷን ላኳት። የጻፈችው ተወደደ፤ ገጽ ሰጧት። ልብስ ሰፊዎች ይፈሯት ጀመር። ቀሚስ በስጦታ ሲልኩላት በመጣበት ትመልሳለች። «ከተቀበልኩ ዓይኔ ያዳላል» ትለኛለች። በዚህ ኮርቼባት ነበር፤ ከእኔ የወሰደችው ይመስለኝ ነበር። በኋላ ጋዜጣው ሳሳ። ገጿ ግማሽ ሆነ፣ ግማሹ ጥግ ሆነ፣ ጥጉም ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ጡቷን አመማትና እኔ ቤት መጣች።

አልጋ ላይ ሆና አንድ ወረቀት ጻፈች። ርእሱ «እርማት» ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የወልቂጤ ልብስ ሰፊ አዲስ አበባ መጥቶ ቀሚስ አሳይቶ ነበር። ቀሚሱ በለበሰችው ልጅ ላይ አንዱ ትከሻው ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኖ ታየ። ምሥራቅ ስለ እሱ «የወልቂጤው ሰፊ ልኩን አያውቅም» ብላ ጻፈች። ልክ በሜትር የሚለካው ነው፤ ሰውን «ልኩን አያውቅም» ማለት ግን ስድብ ነው። በቃሉ መጫወቷ ነበር። ሰውም ወደደው፣ እየደጋገመ ሳቀበት። እርማቱ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቀሚሱ የተሰፋው ለለበሰችው ልጅ ሳይሆን ለሌላ ሴት ነው። ያን ጊዜ ይህን አላወቅሁም ነበር። ሰፊውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ወደ ጋዜጣው ላከችው፤ ጊዜው አልፎበታል ብለው ሳያትሙት ቀሩ። «እማዬ፣ አንቺ አድርሺልኝ» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ሞተች። ሙት ዓመቷ አንድ ወር ሲቀረው ሳላደርሰው ዓመቷን ማውጣት አስጠላኝና ተነሣሁ።

ረቡዕ

ከደብረ ብርሃን በጨለማ ወጥቼ አዲስ አበባ ደረስኩ፤ ከአየር ጤና የወልቂጤ አውቶቡስ ያዝኩ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀድማ የያዘችውን የመስኮት ቦታ ረዳቱ ለአንድ ከረባት ላሰረ ሰውዬ ሰጠባት። ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ቀድማ የተቀመጠችው እሷ ናት» አልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ቦታዎን ይዘዋል አይደል? ምን አገባዎት?»

«እሷን ካስነሣህ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ወልቂጤ ድረስ እግሬን እያየህ ትሄዳለህ።»

ባለከረባቱ አፍሮ ራሱ ተነሣ። ልጅቷ አመሰገነችኝና እስከ ወሊሶ ትከሻዬ ላይ ተኛችብኝ። ክብደቷ የምሥራቅን አስታወሰኝ። የመጨረሻዎቹን ወራት እኔን ተደግፋ ነበር የምትተኛው።

ወልቂጤ ሞቃት ናት። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት ጋቢ ደርበን ፀሐይ እንጠብቃለን፤ እዚያ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግቶ ይሄዳል። የባጃጅ ሾፌሩን ወደ ልብስ ሰፊዎች ውሰደኝ አልኩት፤ ስምንት ዘጠኝ ማሽን የተደረደረበት በረንዳ ላይ አወረደኝ።

«ምን ላድርግልዎት እማማ? የሚያጥር ነው የሚጠብ?» አለችኝ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው። ብርቄ ትባላለች፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው።

«የሚሰፋ የለኝም። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ቀሚስ ያሳየ ሰው እፈልጋለሁ።»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ልኩን ነው የሚፈልጉት!» ብሎ ጮኸ፤ በረንዳው በሳቅ ሞላ።

«አትሳቁ!» አለች ብርቄ፣ እሷም እየሳቀች። «እማማ፣ ያ ጋዜጣ እኛን እንዴት እንዳደረገን ልንገርዎት። ያን ዓመት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ፣ ‹አንቺ ደግሞ ልክሽን ታውቂያለሽ?› ነው የሚለኝ። አንዷማ የልጇን የሠርግ ልብስ ከእጄ ነጥቃ አዲስ አበባ ወሰደችው።»

«ሰውየውስ የት አለ?»

«ሰውየው መች የወልቂጤ ሆነና! የቡታጅራ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ጉራጌ ነኝ ሲላቸው ወልቂጤ ብለው ጻፉት። ስድቡ የእሱ፣ አገሩ የእኛ ሆኖ ቀረ።»

ሁሉም እንደገና ሳቁ። እኔ «የጻፈችው ልጄ ናት» አልኩ። ሳቁ ተቋረጠ። «ሞታለች» አልኩ ቀጥዬ፣ ሳይጠይቁኝ።

ያ «ልኩን» ብሎ የጮኸው ሰው ቀድሞ ተነሣ። «እግዜር ያጥናዎት፣ አላወቅኩም» እያለ ወንበሩን አመጣልኝ። ተቀመጥኩ፤ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ብርቄ ክር እየጠቀለለች «ጥሩ ነው» አለች። «ግን እማማ፣ እርማቱም ወልቂጤ ነው የሚለው። እኛስ? እኛ እርማት የለንም?»

አገላብጬ አየሁት። እውነቷን ነው። የሞተች ልጄ ስህተቷን ያረመችበት ወረቀት ራሱ ስህተት ነበረበት። በእርሳስ «ወልቂጤ» የሚለውን ሰርዤ ከላይ «ቡታጅራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ተነሥቼም ስምንቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨርቃቸው ላይ ተከሉ።

ብርቄ ሆቴል አይገቡም ብላ ቤቷ ወሰደችኝ። ጾም ስለሆነ ቆጮ በጎመን ቀረበ። እኔ የገብስ ዳቦ ሰው ነኝ። ቆጮው መጀመሪያ ሆምጠጥ አለኝ፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ለመድኩት። አልጋዋን ልትለቅልኝ መሬት ላይ ሰሌን አነጠፈች። «ሠርተሽ የደከምሽ አንቺ፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የዋልኩ እኔ» ብዬ ተሟገትኩ። እምቢ አለች፣ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ሁለታችንም አልጋው ላይ ራስና እግር ሆነን ተኛን።

ሐሙስ

ወደ ቡታጅራ ሁለት መንገድ አለ አሉኝ፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ የሚያዞር፣ አንዱ በተራራው በኩል። በመጣሁበት መመለስ አልወድምና በተራራው ሄድኩ። ብርቄ ጉብሬ ድረስ ሸኘችኝ። ከዚያ በሚኒባስ እምድብርን አልፈን ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው። እኛ ጋ ገበሬ እህሉን ከቤቱ ርቆ ይዘራል፤ እዚህ ቤቱ ራሱ ሰብሉ መሃል ተቀምጧል፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቅጠል በሩን ይጋርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አንዱ እንሰት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል አሉኝ። እኔ በልቤ ልጄ የታመመችበትን ጊዜ ከዚያ ጋር አስተያየሁ፤ እንዴት አጭር ነበር።

አረቅጥ ስንደርስ ጉም ወረደ፣ ዝናብ ተከተለ። ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ከመኪና ስወርድ የቀኝ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ስስበው ሶሉ ተላቀቀ። በአንድ እግሬ እያነከስኩ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ የእኔ እኩያ ናት። ምንም ሳትጠይቀኝ እግሬን በሙቅ ውኃ አጥባ የራሷን ኮንጎ ጫማ አደረገችልኝ፤ የቡላ ገንፎም በቅቤ አቀረበችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታ ለመጠየቅ ብለሽ ይህን ተራራ? በስልክ አይሆንም ነበር?»

«በስልክ ተሰድቦ ቢሆን በስልክ እጠይቅ ነበር። የተሰደበው አገር ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ነው።»

«እንግዲያስ ብዪ፤ በባዶ ሆድ ይቅርታ አይጠየቅም» ብላ ጨመረችልኝ። ዝናቡ አላባራ ስላለ እዚያው አደርኩ። ጫማውንም መልሼ ልቀበልሽ አላለችም።

ዓርብ

ጠዋት ቁልቁል ወረድን። ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከእንሰት ወደ በርበሬ ማሳ። ሁለት ጊዜ አስታወከኝ፤ ሾፌሩ ሁለቱንም ጊዜ ሳይነጫነጭ ቆመልኝ። ቡታጅራ ስንገባ መንገድ ዳር የተሰጣው በርበሬ ዓይኔን አቃጠለኝ። ብርቄ ስማቸውን ነግራኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊውን አቶ ሸምሱን ያውቃቸዋል። ሱቁ ግን ዝግ ነበር። የጎረቤት ባለሱቅ «ለጁምዓ ሄደዋል፣ አሁን ይመጣሉ እናቴ» ብሎ ወንበር አወጣልኝ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። የተሰቀለው የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ ነው። አንድ ቀሚስ የለም።

አቶ ሸምሱ ስልሳ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ብዙ አስጠበቅኩዎት» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። ወረቀቱን ተቀብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ የሰረዝኳትንም ቃል አይተው ፈገግ አሉ።

«አላህ ይዘንላት» አሉ። «በእኔ በኩል አፉ ብያለሁ።»

እነሱ አፉ ሲሉ ይቅር ማለታቸው ነው። ደረቴ ቀለለኝ። ወዲያው መመለስ ሁሉ አማረኝ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው በእጃቸው ያዙት።

«ነገር ግን እናቴ፣ ሐቁ የእኔ ብቻ አይደለም። ስፌቱ የእኔ ነው፤ ገላው የልጄ ነው። የእሷን ሐቅ እኔ አፉ ልል አልችልም። ቤት እንሂድ።»

ልጃቸው በልጅነቷ ከጋሪ ወድቃ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። አባቷ ያን ቀሚስ የቀደዱት ትከሻዋ እኩል መስሎ እንዲታይ ነው። ለብሳው ልትወጣ አዲስ አበባ ይዘዋት ሄዱ። የትርኢቱ አዘጋጆች አይተዋት «ይቺ አትወጣም» አሉና ቀሚሱን ለአንዲት ረጅም ልጅ አለበሱት። የተጣመመው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ ነው የነገሩኝ።

ባለቤታቸው ተቀበሉኝ። የእኛን ጾምና የምግባችንን ነገር ያውቃሉ፤ «ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋ አልገባበትም» ብለው ምስር ሠሩልኝ። ልጅቷ ከሥራ መጣች። እዚህ ሙኒራ እላታለሁ፤ ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ የእሷም የአባቷም ስም ሌላ ነው። ወደ ሠላሳ የምትጠጋ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ቀጥ ብላ የምታይ ልጅ ናት። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«‹አላወቅሁም ነበር› ይላል» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ታውቅ ነበር።»

«ሙኒራ» አሉ አባቷ፣ «የሞተ ሰው ነው።»

«መሞቷን ሰማሁ፣ አባ። ታውቅ ነበር ነው ያልኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ሳለቅስ መጣች። ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። ነገርኳት። ቀሚሱ የእኔ እንደሆነ፣ አባቴ ለዚህ ትከሻዬ እንደሰፋው፣ አትወጪም እንዳሉኝ። ሁሉን በደብተሯ ጻፈችው። አይዞሽ ብላኝ ሄደች።»

«ልጄ ውሸት አትጽፍም!» ብዬ ተነሣሁ። በሰው ቤት ጮኽኩ።

ሙኒራ አልጮኸችም። «በግራ እጇ ነበር የምትጽፈው» አለች። «ደብተሩን እንዲህ አጣማ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምሥራቅ ግራኝ ነበረች። ትንሽ ሳለች በቀኝ እንድትጽፍ ብዬ ግራ እጇን በመቀነቴ አስሬባት አውቃለሁ።

«ጽፋዋለች ብዬ ቅዳሜን ስጠብቅ ነበር» አለች ሙኒራ። «ያዘጋጆቹን ግፍ ታወጣልኛለች ብዬ። ጋዜጣው ሲመጣ ለአባቴ ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ። እዚያ ቃል ላይ እስክደርስ ድረስ ምን እንደማነብ አላወቅኩም።»

አቶ ሸምሱ የገዛ መዳፋቸውን ያያሉ። እናትየዋ ምስሩን ከፊቴ ትንሽ ገፋ አድርገው መልሰው አስጠጉት። እኔ የልጄን ነገር ሳስብ ነበር፤ ለምን አደረገችው? አውቀዋለሁ። ቃሉ አምሮባት ነው። ያን የመሰለ ዓረፍተ ነገር አንዴ ምላሷ ላይ ከመጣ በኋላ መጣል አልቻለችም። እውነቱ ቢጻፍ ቀልዱ ይቀር ነበር። ስትሞትም፣ ይቅርታውን ስትጽፍም እንኳ፣ ያቺን አንዲት ነገር ለራሷ አስቀረች።

«ቀሚሱስ የት ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ፈትቼ ለኮት ገበር አደረግኩት።»

«ልጄ፣ የፈለግሽውን በይኝ።»

«አፉ አልልም» አለች። «ዛሬ አልልም፤ ነገንም አላውቅም። እርስዎን ግን ምንም አላልኩም። ይብሉ፣ ቀዘቀዘ።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ይቅር በይ ብዬ ብለምናት የሷን ነገር ሁለተኛ መቀማት ነው። እርሳሴን አወጣሁ። «አላወቅሁም ነበር» የሚለውን ልሰርዝ ብዬ ቆምኩ፤ የሞተ ሰው ቃል ሰርዞ በስሙ ሌላ መጻፍም ግፍ ነው። ስለዚህ ከሥር በራሴ ስም ጻፍኩ፦ «እናቷ ነኝ። ልጅቷ ነግራታለች። ልጄ አውቃ ጻፈችው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ ሁሉም ጠበቁኝ። ወረቀቱን ለሙኒራ ሰጠኋት። አየችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የእናቷን መኝታ ለቀው አስተኙኝ፤ እዚህስ ለመሟገት ጉልበት አልነበረኝም።

ቅዳሜ

ሙኒራ ሻንጣዬን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ያወራነው ስለ በርበሬ ዋጋና ስለ ፀሐይ ነው። መስኮት አጠገብ ቦታ አገኘችልኝ፤ «ደህና ይግቡ» አለችኝ፤ መኪናው እስኪነሣ ግን አልቆመችም። አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ቤቴ ስገባ ብርዱ ጠበቀኝ። ሴቶቹ መጥተው «ተሳካልሽ?» አሉኝ። ግማሹ አልኳቸው።

ለሙት ዓመቷ ሐውልት ይመረቃል። ከእሷ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪኳን ጽፎ ሊያነብ ነው። ቀደም ብሎ እንዳየው ላከልኝ። የትውልድ ቦታዋን፣ ትምህርቷን፣ ገጿን፣ የመለሰችውን ስጦታ ሁሉ በሚገባ ጽፎታል። መጨረሻው ላይ ግን «በብዕሯ ማንንም ያልበደለች» ይላል። ደወልኩለት።

«ይህን አውጣው። አንዲት ልጅና አባቷን በድላለች።»

«እማማ፣ በሐውልት ምረቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የወደደውን ይበል።»

«እኔ አላነበውም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንግዲያስ አንተ የራስህን አንብብ፣ እኔ የራሴን አነባለሁ።»

ዕለቱ ደረሰ። እሱ ያችን ዓረፍተ ነገር ዘሎ አነበበ፤ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ቄሱ ሊያሳርጉ ሲሉ እጄን አነሣሁ። መነጽሬን አድርጌ ቆምኩ። ፊደል እየቆጠርኩ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየደገምኩ፣ በመቃብሯ ላይ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «ልጄ ምሥራቅ ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች። ስጦታ አልተቀበለችም። አንድ ጊዜ ግን እውነቱን እያወቀች ቀልድ መረጠች። የበደለቻቸው ሁለት ናቸው። አባትየው ይቅር ብሏታል። ልጅቷ አላለቻትም፤ አለማለትም መብቷ ነው። ስለ እኔ ልጅ የምትጸልዩ፣ ለሁለቱም ጸልዩ።»

 አንዲት የማኅበሬ ሴት ወንድሟን በክርኗ ነካችው። ወረቀቱን አጥፌ መነጽሬን አወለቅኩ። ያን ጊዜ ነው፣ ዓመት ሙሉ ጻድቅ እያደረግኩ ያለቀስኩላትን ትቼ፣ ለወለድኳት ልጄ ያለቀስኩት።